ራስ ደጀንን በእግር መውጣት፦ ከጉና ልምምድ እስከ ቧሂት መልስ

ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ነው። በቆዩ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የምናውቀው 4,620 የቀድሞ ልኬት ነው፤ ተራራው አላጠረም፣ የተሻሻለው መለኪያው ነው። ጫፉ ላይ ለመድረስ ገመድም ሆነ የበረዶ መጥረቢያ አያስፈልግም። እረኞች በፕላስቲክ ጫማ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ሆኖም ጉልበታቸውን የተማመኑ ወጣቶች ከመንገድ ሲመለሱ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ጎልማሶች ደግሞ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ማየት የተለመደ ነው። ሰውን የሚጥለው ዳገቱ ሳይሆን ጥድፊያው ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ «እኔ ደገኛ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል?» የሚለው ሰው ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ሰው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት ከመጣ ዘመዱ የተሻለ መነሻ አለው። ከ3,500 ሜትር በላይ ለማደር ግን ይህ ዋስትና አይሆነውም። የራስ ደጀን ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ግማሹን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ደገኛም ቆለኛም ይህን የሚለምደው ከፍ ባለ ቦታ በማደር እንጂ በመሮጥ አይደለም። ስለዚህ ዕቅዳችሁን በየዕለቱ በምትሄዱት ርቀት አትሥሩ፤ በየሌሊቱ በምታድሩበት ከፍታ ሥሩት።

መጀመሪያ መንገዱን አጣሩ

የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የትጥቅ ግጭት የነበረበት ስለሆነ፣ ከጫማና ከድንኳን በፊት የሚመጣው ጉዳይ የመንገዱ ሰላም ነው። ሁለት ጊዜ አጣሩ፤ አንድ ጊዜ ዕቅድ ስታወጡ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት። ደባርቅ ካለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ እዚያው ካሉ አስጎብኚዎችና በዚያ መስመር በየቀኑ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ። የሦስቱ መልስ ካልተስማማ ጉዞውን አስተላልፉት።

በዚህ ጊዜ ተራራ ካልወጣሁ የሚል ሰው ወደ ባሌ ይሂድ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከታች የማቀርበው የዝግጅትና የአዳር ሥርዓት እዚያም ይሠራል። የመኪና መንገድ እስከ አናቱ ስለሚደርስ በመኪና ወጥተው ፎቶ ተነሥተው የሚመለሱ አሉ። እሱ ሌላ ነገር ነው።

ወቅት መምረጥ

ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የሚተካከለው የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሣሩ አልደረቀም፣ ምንጮችም ውሃ ይሰጣሉ። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ እንደጠራ ይቆያል፤ ነገር ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ይጠብቃችኋል። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ያንን ሳምንት የግድ ከመረጣችሁ አስቀድማችሁ ያዙ። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ስለሚበዛ የሩቁ እይታ ይደበዝዛል። ክረምቱን ተዉት፤ ጉሙ መንገድ ያጠፋል፣ ጫፉ ላይ በሌሊት በረዶ ይጥላል፣ ከጫፉ በፊት ከሚታደርበት ከአምቢቆ ቀድሞ ያለው የመሸሃ ወንዝም ሞልቶ ሊያግዳችሁ ይችላል።

አጽዋማትንም ቁጠሩ። አብረዋችሁ የሚሄዱት በቅሎ ነጂዎችና ጠባቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ጾመኞች ናቸው። በነቢያት ጾም ወይም በዓቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ የጾም ምግብ በበቂ መጠን ያዙ። ለሌላው የማይሆን የሥጋና የዓሣ ቆርቆሮ ተሸክሞ መሄድ ትርፉ ሸክም ነው።

ሰውነትን ማዘጋጀት፣ ከዚያ ጉና

ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጡት። በሳምንት ሦስት ቀን ፈጣን የእግር ጉዞ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት። ጎንደር ያለ ሰው ወደ ቁስቋም፣ ባሕር ዳር ያለ ወደ ቤዛዊት፣ አዲስ አበባ ያለ ወደ እንጦጦ ይውጣ። ሁሉም ሰው መውጣትን ይለማመዳል፤ መውረድን የሚለማመድ ጥቂት ነው። ስሜን ላይ ግን ጉልበት የሚያሳብጠው ቁልቁለቱ ነው። የምትለማመዱበትን ዳገት ስትወርዱ አትሩጡ፤ አጠር ባለ እርምጃ፣ ጉልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጋችሁ፣ በዱላ እየተደገፋችሁ ውረዱ።

ቀጥሎ አንድ ትልቅ ልምምድ አለ፤ እሱም ጉና ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድ በተራራው ግርጌ በክምር ድንጋይ በኩል ያልፋል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚያወርዱት ውሃ ከዚህ ይነሣል። አካሄዱ ገደል የለበትም፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ ጓሳና ጅብራ የለበሰ ዳገት ነው። ከዋዜማው ደብረ ታቦር እደሩ፣ በማለዳ ተነሡ፣ ከአካባቢው ሰው መንገድ መሪ ያዙ፣ በዚያው ቀን ወርዳችሁ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ለጉና የምትሄዱት ለሦስት ነገር ነው፦ ጫማችሁ የት እንደሚልጥ ለማወቅ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው ንፋስ ልብሳችሁን አልፎ ይገባ እንደሆነ ለመፈተሽና በዚያ ከፍታ ራሳችሁን ያማችሁ እንደሆነ ለማየት። ሦስቱንም ከአልጋችሁ በቅርብ ርቀት ማወቁ ይሻላል። ጎጃም ያላችሁ ለዚህ ጮቄን ተጠቀሙ።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ ልምምድ ሳይጀምሩ ሐኪም ያማክሩ። የከፍታ ሕመምን የሚከላከል አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ሐኪም ያዘዘለት ይውሰደው፤ ጓደኛ የሰጠውን ፍሬ ግን ማንም አይዋጥ፣ ምክንያቱም ከሰልፋ መድኃኒቶች ጋር ለማይስማማ ሰው አደጋ አለው።

ጓዝ

ጋቢ ለደባርቅ ማታ ግሩም ነው፤ ለዳገት ግን ጥጥ አይሆንም። ጥጥ ላብና ጉም ከጠጣ በቶሎ አይደርቅም፣ እርጥቡ ጨርቅም የሰውነትን ሙቀት ይስባል። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ልብስ በቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ይሁን፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ውድ መግዛት የለባችሁም፤ ልባሽ ጨርቅ ተራ ገብቶ የሚያገላብጥ ሰው ሦስቱንም ያገኛል። ለሌሊት የመንዝ ባና ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፣ እርጥበት ቢነካው እንኳ ያሞቃል፤ ይከብዳል፣ የሚሸከመው ግን በቅሎ ነው። የሱፍ ኮፍያና ጓንት የግድ ናቸው።

ጫማ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝና አስቀድሞ የተለመደ ይሁን። አዲስ ጫማ አድርጎ ደባርቅ የገባ ሰው የመጀመሪያው ሰፈር ሳንቃበር ሲደርስ ያነክሳል። የእግር ጥፍራችሁን ከመነሣታችሁ በፊት ቁረጡ፤ በቁልቁለት ከጫማው አፍንጫ ጋር የሚጋጨው እሱ ነው።

ለመኝታ ከብርድ ልብሱ ይልቅ ከታች የሚነጠፈው ይበልጥ ያሳስባችሁ። ብርዱ ከመሬት ይመጣል፤ ወፍራም ስፖንጅ ከሌለ የቱም ብርድ ልብስ አያሞቅም። ሌላው ጓዝ አጭር ነው፦ የግንባር ባትሪ ከትርፍ ድንጋይ ጋር፣ የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት (የፀሐዩ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ከንፈርማ በመጀመሪያው ቀን ይሰነጠቃል)፣ ቁስል መሸፈኛ ፕላስተር፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር። ስልክና ፓወር ባንክ ሌሊት ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ይደሩ፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። በአብዛኛው መንገድ ኔትወርክ ስለሌለ ካርታውን ጎንደር ላይ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ምግብና ውሃ

በዚህ ጉዳይ ከውጭ አገር የሚመጣ የታሸገ የተራራ ምግብ ከእኛ ጓዳ የሚበልጥ አይመስለኝም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው፤ አይበላሹም፣ ቀላል ናቸው፣ ጉልበት ይሰጣሉ። በሶውን በማር ወይም በስኳር በጥብጣችሁ ጠዋት ጠጡት፤ ከፍታ የምግብ ፍላጎት ሲዘጋም በፈሳሽ መልክ ይገባል። ለማታ ሽሮና ድርቆሽ ፍርፍር፣ ወይም ምስር። ክክና ባቄላን ተዉት፤ 3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ጥራጥሬውም ሳይበስል ነዳጃችሁ ያልቃል። በፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ስለሆነ የምታበስሉት በያዛችሁት ምድጃ ነው።

በቀን ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ጠጡ። የምንጩን ውሃ አፍልታችሁ ወይም ውሃ አጋር ጨምራችሁ፣ መያዣው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቃችሁ ጠጡ፤ ከሰፈሮቹ በላይ ከብት ይሰማራል። ሽንት ጠቆር ካለ አልጠጣችሁም ማለት ነው።

አረቄ ያሞቃል የሚለውን እርሱት። የሚያሞቀው ቆዳን ነው፤ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ አውጥቶ ይበትነዋል፣ እንቅልፍ ላይም ትንፋሽን ያዳክማል። የደባርቅን ኮረፌ መቅመስ የምትፈልጉ ስትመለሱ ቅመሱ።

ደባርቅ ላይ የሚያልቁ ጉዳዮች

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ግድም ስለሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚሁ እደሩ። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ትከፍላላችሁ፤ የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) ይመደብላችኋል፣ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂም እዚሁ ይያዛሉ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለወጥ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ፤ የበቅሎ ነጂው የመልስ ቀንም እንደሚከፈል አትርሱ።

ጠባቂው ብዙ ጊዜ ጠመንጃና ጋቢ ይዞ ብቻ ይመጣል። ለእሱና ለበቅሎ ነጂው የሚሆን ምግብ ከራሳችሁ ስንቅ ጋር አስቡ፤ መኝታውንም ጠይቁ። ታላቃችሁ ከሆነ «አያ» ወይም «ጋሼ» ብላችሁ ጥሩ፣ ማዕድም አብራችሁ ቅረቡ። ጉም ሲወርድ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

መንገዱ፣ ሌሊት በሌሊት

የመኪና መንገድ እስከ ጨነቅ ስለሚዘልቅ ብዙ ሰው ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ ማታ ጨነቅ ያድራል። ይህ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መዝለል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ራስ ይፈልጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። የስሜን ሰፈሮች ደግሞ ለዚህ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ናቸው።

ከደባርቅ እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሄዳችሁ በእግር ጀምሩና ሳንቃበር (3,250 ሜትር) እደሩ። ጭላዳዎች በመንጋ ሣር ሲነቅሉ የምታገኙት እዚህ ነው። ሣር በላተኞች ስለሆኑ አይተናኮሉም፤ ምግብ ግን አትስጧቸው። በማግስቱ በጅንባር ፏፏቴ በኩል ወደ ግጭ (3,600 ሜትር) ትወጣላችሁ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ስለተዛወሩ እንቁላልም ሆነ ዳቦ የሚሸጥ የለም፤ የያዛችሁትን ትበላላችሁ። ከግጭ በእሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) አልፋችሁ ጨነቅ (3,620 ሜትር) ውረዱ። በዚህ ቀን ከፍ ብላችሁ ትራመዱና ዝቅ ብላችሁ ታድራላችሁ፤ ሰውነት የሚለምደው በዚህ ነው። እሜት ጎጎ ላይ ከገደሉ ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ለፎቶ ወደ ኋላ መራመድ እዚያ ቦታ ቀልድ አይደለም።

ጨነቅ ዋልያን ለማየት ከሁሉም የተሻለ ቦታ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም፤ ጠዋትና ወደ ማታ ገደሉን በትዕግሥት ያስተዋለ ያየዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ነው የወጣው። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ክፍት ምግብም ከድንኳን ውጭ አትተዉ፣ የጨነቅ ቁራ ዚፕ አያስቸግረውም።

ቧሂት፦ የሚወሰነው እዚህ ነው

ጨነቅ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ብዙ ሰው ይህን ቀን ለመቆጠብ ይሞክራል፤ እኔ ግን ሌላ ቀን ሁሉ ይቀነስ፣ ይህ አይነካ እላለሁ። በመካከለኛው ቀን ቧሂትን (4,430 ሜትር) ቀላል ሻንጣ ይዛችሁ ውጡና ጨነቅ ተመልሳችሁ እደሩ።

ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን ለመሄድ በቧሂት አጠገብ 4,200 ሜትር ያህል የሆነውን በር ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ በጭሮ ለባ በኩል እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር ግድም፣ ትወርዳላችሁ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ (3,200 ሜትር) ትወጣላችሁ። አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው ወደ ደባርቅ የሚመለሰው ያንኑ 4,200 ሜትር ዳግመኛ ወጥቶ ነው። ጨነቅ ላይ የታመመ ሰው ግን በመኪና ይወርዳል። ስለዚህ «እቀጥላለሁ ወይስ እመለሳለሁ» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ጨነቅ ላይ ነው።

ከቧሂት ስትመለሱ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ቀለል ያለ ራስ ምታት፣ ውሃና እረፍት ሲያገኝ የሚተው ከሆነ፣ አያሳስብም። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞርና ከምግብ መጥላት ጋር ከመጣ ያ የከፍታ ሕመም ነው፤ እስኪለቅ ድረስ ከፍ አይባልም፣ በማግስቱም ካልለቀቀ ይወረዳል። ተረከዝን ከጣት አስነክቶ በቀጥታ መስመር መራመድ ያልቻለ፣ ንግግሩ የተምታታ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም አረፋ ያለው አክታ የሚያስለው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይወርዳል፤ ብቻውን አይለቀቅም፣ «ልተኛበት» ቢልም አይሰማም። በዚህ ደረጃ የሚያድነው ቁልቁለት ነው።

አምቢቆና ጫፉ

ከጨነቅ አምቢቆ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ማለዳ ተነሡ። መሸሃ ወንዝ ላይ ሙቀት አለ፣ እግር ታጥባችሁ ካልሲ ቀይሩ፣ የሚልጥ ቦታ ካለ ሳይፈነዳ በፕላስተር ሸፍኑት። ማታ በጊዜ ብሉና ተኙ። የጠዋቱን ልብስ፣ ውሃና ስንቅ ከመተኛታችሁ በፊት አሰናዱ፤ በሌሊት ብርድ ጓንት ፍለጋ ሻንጣ መበርበር ግማሽ ሰዓት ይበላል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሡ። አምቢቆና ጫፉ መካከል 1,350 ሜትር ዳገት ነው፤ ደርሶ መልስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ፍጥነታችሁ እየተራመዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችሉበት ይሁን፤ ቃል ከተቆራረጠ ቀንሱ። የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ነው፣ ከፊት ይሂድ። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ብቻ እረፉ፣ ከዚያ በላይ ከቆማችሁ ብርዱ ይገባል። 4,300 ሜትር አካባቢ የአንድ አሮጌ ምሽግ የድንጋይ ግንብ ታገኛላችሁ፤ ከነፋስ ስለሚከልል በሶ ለመጠጣት አመቺ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ድንጋይ ነው፣ በእጅም መያዝ ያስፈልጋል። ዱላችሁን ከታች ተዉት፣ የምትይዙትን ድንጋይ ከመደገፋችሁ በፊት ነቅንቁት፣ ከላያችሁ ሰው እያለ ከሥሩ አትቁሙ። ውርጭ ካለበት ፀሐይ እስክታቀልጠው ጠብቁ፤ ጉም ከሸፈነውና ካልተነሣ ከዚያው ተመለሱ። ከቀኑ 6 ሰዓት የማይታለፍ የመመለሻ ሰዓት አድርጉት። ጫፉ ላይ ስትቆሙ አጠገባችሁ ያለው ሌላ ጫፍ ከእናንተ ከፍ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል፤ የዓይን ነገር ነው።

መልሱ

ሰው ሁሉ ስለ ጫፉ ቀን ይጠይቃል። ከባዱ ቀን ግን የማግስቱ ነው፤ ከአምቢቆ ወደ መሸሃ ትወርዱና በደከመ እግር ከ2,800 ወደ 4,200 ሜትር ትወጣላችሁ። ለዚህ ቀን የሚሆን ስንቅ አስቀሩ፤ ስኳሩንና ማሩን ጫፉ ላይ የጨረሰ ቡድን ጭሮ ለባ ላይ ይቸገራል። ጉልበት ያመመው ካለ በቅሎ ላይ ይቀመጥ፣ ለዚህም ሲባል ከደባርቅ ስትነሡ አንድ ትርፍ በቅሎ ያዙ። ጨነቅ የሚጠብቃችሁን መኪና ለዚያው ማታ ሳይሆን ለማግስቱ ጠዋት ቅጠሩ፤ ብትዘገዩ በጨለማ በሩን ለመሻገር የሚያጣድፋችሁ ነገር አይኖርም።

ሒሳቡን ደባርቅ ላይ ዝጉ። ለበቅሎ ነጂው፣ ለጠባቂውና ለአብሳዩ ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡ እንጂ ለአንዱ ሰጥታችሁ «ተካፈሉ» አትበሉ። ከእንግዲህ የማትለብሱት ሹራብ ወይም ጓንት ካለም ጠባቂው ይፈልገው እንደሆነ ጠይቁት፤ እሱ ከሁለት ቀን በኋላ ከሌላ ቡድን ጋር ወደዚያው ብርድ ይመለሳል።